የሌሊት ሽፍትና የጠዋት ሽፍት ለምን ይኳረፋሉ

እኛ ግቢ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሰው ሀብት ቢሮ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፣ ሰርቪስ ላይ መሳፈር ይበቃዋል። ከሳሪስ አቦ ተነስቶ በቃሊቲ አድርጎ ወደ ገላን የሚወርደው አውቶብስ ላይ ማን ቦታ ተይዞለት እያለ ዝም ብሎ ወደ ኋላ እንዳለፈ፣ ማን ለሁሉም "እንዴት አደራችሁ" ብሎ አንዱ ጋ ሲደርስ ስልኩን እንዳወጣ፣ ማን ኢርፎን ሰክቶ ግን ምንም እንደማይሰማ (ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ጠፍቶ አይቻለሁ) ያየ ሰው የሳምንቱ ወሬ አለቀለት።

የምሰራው ጀሪካንና ባልዲ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ብጠራውም ከአቃቂ ድልድይ እስከ ዱከም መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ከተደረደሩት ፋብሪካዎች የኛን የሚለየው የአጥሩ ቀለም ነው። የጅቡቲ ከባድ መኪና ቀን ከሌሊት ያልፋል፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ ነው፣ ሰራተኛው ግማሹ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግማሹ ከቃሊቲና ከገላን ኪራይ ቤት ይመጣል። የኔ ስራ ፕላኒንግ ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ የየሽፍቱን ሪፖርት ሰብስቤ ኤክሴል ላይ ማስገባት ነው፣ ግን አንድ ጥቅም አለው፣ ሁሉም ሰው ስለሌላው ሰው እኔ ጋ መጥቶ ነው የሚያማው። የሌሊቱም የጠዋቱም ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ደግሞ ሁለቱም የማያዩትን ነገር አንዳንዴ አያለሁ።

የስራ ቦታ ፀብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጩኸት ነው፣ ጠረጴዛ መደብደብ፣ "ማን መሰልኩህ" ምናምን። እሱ እኮ ቀላሉ ነው። የጮኸ ሰው ቢያንስ ምን እንደከፋው ተናግሯል። የኛ ዋናው ፀብ ኩርፊያ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ክንዱን ቢዘረጋ ሌላውን የሚነካበት ርቀት ላይ ተቀምጠው "ለእሱ ንገሩት የስቶሩን ቁልፍ ያምጣ" ይባባላሉ። መልእክተኛው መሀል ላይ ቆሞ የሰማውን ድጋሚ ይናገራል፣ ያኛውም ሰምቶት እንዳልሰማ ሆኖ ይጠብቃል፣ ከዛ "እዛው ነው በለው" ይላል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ ሌላ አይነት ነው፣ ሁሉም ለለጠፈው ነገር አውራ ጣት ይሰጣል ለእሱ ሲሆን ብቻ ታይቶ ይታለፋል። ሻይ ሰዓት ላይ አሽሙር አለ፣ ተረት አለ፣ ሰውየውን ሳያዩ ለሦስተኛ ሰው የሚወረወር ግን ለማን እንደሆነ ግድግዳው ሳይቀር የሚያውቀው። በዚህ በኩል ጎበዞች ነን፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብለን ያደግን ህዝብ ነና።

ችግሩ ኩርፊያ ሰላም ይመስላል። ስራ አስኪያጁ ሲያልፍ ማንም አይጮህም፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰራል፣ "የኛ ሰራተኛ ጨዋ ነው" ብሎ ቢሮው ይገባል። ውስጥ ውስጡን ግን ወሬ ማለትም ስራው የሚፈልገው ወሬ ቆሟል። አንዱ ኦፕሬተር የአየር ቱቦው እየተነፈሰ እንደሆነ ያውቃል፣ መንገር ያለበት ለተኳረፈው ሰው ነው፣ ስለዚ አይነግርም፣ "ሲፈነዳ ያየዋል" ይላል። ሲፈነዳ ደግሞ ሁላችንም እናያለን። ለዚህ የሚሆን ፍርድ ቤት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የግል የስራ ክርክር የት እንደሚታይ የወል የስራ ክርክር በአስማሚና በቦርድ እንዴት እንደሚሄድ በደንብ ዘርዝሯል፣ አንቀጹን አገላብጬ አይቻለሁ፣ ስለ ኩርፊያ አንድ መስመር የለበትም። ይኖርበታል ብዬም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ጋ ለረጅም ጊዜ የግቢው ትልቁ ፀብ የሌሊቱና የጠዋቱ ሽፍት ሱፐርቫይዘሮች ፀብ ነበር። የጠዋቱን ጋሼ እንበለው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚጠራው። በደርግ ጊዜ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ገና በልጅነቱ ተቀጥሮ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ማሽን ስር ያደገ ሰው ነው፣ ጆሮውን ኮምፕረሰር ላይ አድርጎ ምን እንደጎደለው ይነግርሃል። የሌሊቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ልጅ ነው፣ ሎጂኩ ሌላ ነው፣ ሁሉን ነገር ይጽፋል ሁሉን ነገር ያሰላል፣ ጎበዝ ነው። ጋሼን ስትጠይቁት "ልጁ ሰነፍ ነው፣ ስራ ጥሎብኝ ይሄዳል፣ የዛሬ ልጅ እኮ..." ይላችኋል። ልጁን ስትጠይቁት "ሽማግሌው ነገረኛ ነው፣ ምንም ብሰራ አይጥመውም፣ እኔን ማስባረር ነው የሚፈልገው"። ግቢው ሁለት ተከፈለ። የጠዋት ልጆች የሌሊቶቹን "እንቅልፋሞቹ" ይሏቸዋል፣ የሌሊት ልጆች የጠዋቶቹን "አለቃ አምላኪዎች" ይሏቸዋል (ጠዋት ላይ ስራ አስኪያጁ ስለሚኖር መሆኑ ነው)።

ምን ነበር የሚያጣላቸው? ይሄን ለመረዳት ጀሪካን እንዴት እንደሚሰራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ታገሱኝ። ፕላስቲኩ እንደ ምስር ፍሬ ደቃቅ ሆኖ ነው በከረጢት የሚመጣው። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ በረጅም ብሎን እየተገፋ እስከ ሁለት መቶ ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ እንደ ቱቦ ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዛ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ግራና ቀኝ ይይዘውና አየር ይነፋበታል፣ ጀሪካን ሆነ። አሁን መብራት ጠፋ በሉ። ሆዱ ውስጥ የነበረው ቅልጥ እዛው ይረጋል። መብራት ሲመጣ ዝም ብለህ ማስነሳት አትችልም፣ ቀዝቃዛ እያለ ብሎኑን ብታዞር ትሰብረዋለህ፣ ስለዚ ሂተሩን ከፍተህ በደንብ እስኪሞቅ ትጠብቃለህ፣ እሱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከሞቀ በኋላም ውስጥ የቆየው ፕላስቲክ ተቃጥሏል፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያመጣል፣ ንጹህ እስኪወጣ ድረስ እያስወጣህ መጣል አለብህ። ፐርጅ ማድረግ እንለዋለን። ያ የተጣለው በሙሉ ስክራፕ ይባላል፣ ይመዘናል፣ ይመዘገባል። (ተፈጭቶ ተመልሶ ይገባል፣ ብዙ አይጠፋም። ፕላስቲክ ይቅር ባይ ነው።)

ስክራፑ የሚመዘገበው ግን በሽፍት ነው። ማን ሽፍት ላይ ወጣ? የሱ ነው። ቦነስ ደግሞ በስክራፕ ፐርሰንት ነው የሚታሰበው። ቦነስ ስል ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አዋጁ ራሱ ዝቅተኛ ደሞዝ ይሄን ያህል ይሁን ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም በቦርድ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፈው፣ ስለዚ መነሻ ደሞዙ ምን እንደሚመስል ገምቱት፣ የቤት ኪራይ የሚሞላው ቦነሱ ነው።

እንግዲህ መብራት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄዶ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ እንበል። የሌሊቱ ሽፍት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል። ልጁ ሂተሩን ይከፍታል። ማሽኑ ሲሞቅ ሽፍቱ አለቀ። ልክ ሲሞቅ ፐርጅ ቢጀምር ስክራፑ በሱ ስም ይመዘገባል፣ አንድ ጀሪካን ግን አያወጣም፣ ማለት ኪሳራው የሱ ትርፉ የጋሼ ነው። ስለዚ ምን ያደርጋል? ሂተሩን እንደከፈተው ትቶ ፈርሞ ሰርቪስ ላይ ይወጣል። ጋሼ ይመጣል፣ ማሽኑ ሞቋል፣ ውስጡ የቆየው ፕላስቲክ በእሳት ላይ ስለቆየ ይበልጥ ተቃጥሏል፣ ያስወጣል፣ ያስወጣል፣ ጥቁር ነጥቡ አይጠፋም፣ ኳሊቲ ሪጀክት ትላለች፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ የጠዋቱ ስክራፕ ሰማይ ነካ። ጋሼ በንዴት ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ሲወጣ ጥሬ ዕቃው ማስገቢያው ውስጥ እንዳይሞላ ያደርጋል፣ "እስቲ እሱም ይልፋ"። በመሀል ያለው የማታው ሽፍት የሦስተኛ ሰው ነበር፣ እሱም ከሁለቱም ጋር ላለመጣላት ሁሉንም እንዳየው ይተዋል፣ ልጁ ሲገባ ባዶ ይጠብቀዋል።

ይሄን ሁሉ እኔ ሪፖርቱ ላይ አየዋለሁ። መብራት ባልጠፋባቸው ሳምንታት ጋሼና ልጁ ሰላም ናቸው፣ መብራት በጠፋ ማግስት ይጣላሉ። ሰነፍና ነገረኛ የሆኑ ሰዎች ስንፍናቸውና ነገረኝነታቸው ከመብራት ኃይል ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ነገሩ ጸባይ ብቻ እንዳልሆነ ለመጠርጠር ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም።

ሳይንቲስቶቹም ግን ብለውታል። በፈረንጆቹ 1967 ጆንስና ሃሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፈ ጽሑፍ አስነበቡ፣ አንዳንዱ የሚደግፍ አንዳንዱ የሚቃወም። ጸሐፊው በራሱ ምርጫ ሳይሆን "ደግፈህ ጻፍ" ወይ "ተቃውመህ ጻፍ" ተብሎ ታዞ እንደጻፈ ለአንባቢዎቹ በግልጽ ተነግሯቸዋል። እና እንደዛም ሆኖ ደግፎ የጻፈውን የካስትሮ ደጋፊ ነው ብለው ገመቱት። ታዞ እንደሆነ እያወቁ! በኋላ በ1977 ሊ ሮስ የሚባል የስነልቦና ሰው ለዚህ ስህተት ስም አወጣለት፣ ሌላው ሰው የሚያደርገውን ስናይ ሁኔታውን ትተን ሰውየውን እንከሳለን ነው ሀሳቡ። እኔ ካረፈድኩ መንገድ ተዘግቶ ነው፣ አንተ ካረፈድክ ግዴለሽ ስለሆንክ ነው። የቃሊቲን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳዋል፣ አንድ ከባድ መኪና አቃቂ ጋ ሲገለበጥ ስንቱ "ግዴለሽ" እንደሚሆን።

የኛዎቹ ፀብ ታዲያ በስክራፕ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ርክክብ ላይ፣ ፓነሉ ጋ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ነው፣ ጋሼ ከሩቅ እየመጣ "ዛሬም ቆሻሻህን ጥለህልኝ ልትሄድ ነው?" አለው። ልጁ ምንም ጊዜ "እርሶ" ነበር የሚለው። ያን ቀን "አንተ ምን አገባህ!" አለ። በቃ። ማሽኑ እየሰራ እንኳን አዳራሹ ዝም ያለ መሰለኝ። ጋሼ አልጮኸም፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ፓነሉ ላይ አስቀመጠው፣ "እሺ" ብሎ ሄደ። ከዛን ቀን ጀምሮ ፀቡ ስለ ስክራፕ መሆኑ ቀረ፣ ስለ "አንተ" ሆነ። ጠዋት ላይ ያሉት ሰዎች በሙሉ "አባቱን የሚያክል ሰው!" ሲሉ የሌሊቶቹ "ሰው እንደ ውሻ ሲናገሩት ምን ይበል?" ይላሉ። ስለ ሂተሩ የሚያወራ አንድ ሰው አልነበረም። ነገር ሲያድግ እንደዚህ ነው፣ መነሻውን ይረሳና በመንገድ ላይ ያገኘውን ይይዛል።

ከዛ ያው እንደኛ ሽምግልና ተገባ። የካንቲኗ እትዬ፣ ስቶር ኪፐሩ፣ የግቢው እድር ሰብሳቢ ሆነው ሁለቱን አስቀመጡ። ሽምግልናን ልንቅ አይደለም። እትዬ ልጁን ለብቻ ይዛ "ልጄ፣ አንተ ልክ ብትሆንም ትልቅ ሰው ፊት ልክ መሆን እንዲህ አይደለም" ስትለው ሰምቻለሁ፣ ጋሼን ደግሞ "ጋሼ፣ እርሶም እኮ ቆሻሻ ብለዋል፣ የሰው ልጅ ነው" አለችው፣ ከዚህ የተሻለ የሚናገር ኮንሰልታንት አላውቅም። ልጁ ተነስቶ የጋሼን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፣ ጋሼ ከመሬት ሳይደርስ ያዘው፣ ትከሻ ተሳሳሙ፣ እንባ ምናምን። ቅዳሜ ዱከም ወርደን ቁርጥ በላን፣ ሂሳቡን ጋሼ ከፈለ። የተጎዳውን ክብር መመለስ ላይ ሽምግልናን የሚያክል የለም።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ተመልሰው ተጣሉ።

ይሄ ሲሆን ግቢው ተገረመ፣ "ይሄ ሁሉ ሰው ደክሞ!" ተባለ፣ ልጁ ምስጋና ቢስ ተባለ ጋሼም ቂመኛ ተባለ። እኔን ግን አልገረመኝም። ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ሰዎቹን ነው፣ ሰዎቹን ደግሞ በደንብ አስታርቀዋል፣ የስክራፕ ቅጹን ግን ማንም አልነካውም። ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ስሩ ያለው ቅጹ ላይ ነበር።

በፈረንጆቹ 1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የቱርክ ተወላጅ ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወንድ ልጆች ካምፕ አስገብቶ ለሁለት ቡድን ከፈላቸው፣ አወዳደራቸው፣ ለአሸናፊው ሽልማት አደረገ። ልጆቹ ጤነኛ ልጆች ናቸው፣ ሆን ተብሎ ችግር የሌለባቸው ተመርጠው ነው የመጡት። ተሰዳደቡ፣ ባንዲራ ተቃጠለ፣ አንዱ የሌላውን ማደሪያ ዘረፈ። ከዛ ሸሪፍ ሊያስታርቃቸው ሲፈልግ መጀመሪያ የሞከረው አብረው እንዲበሉና እንዲዝናኑ ማድረግ ነው፣ እኛ ዱከም እንዳደረግነው። ምግብ ተወራወሩ። የቀየራቸው ሌላ ነው፣ የካምፑ ውሃ ተቋረጠና ሁለቱም ቡድን አብሮ ካልፈለገ ውሃ የለም ሆነ፣ መኪናዋ አልነሳ አለችና ሁለቱም ካልጎተቷት ምግብ የለም ሆነ። በርግጥ ውሃውን ያቋረጠው ራሱ ተመራማሪው ነው፣ ያው ሳይንስ ነው ምን ይደረጋል። ለኛ ግን ማንም ማስመሰል አላስፈለገውም፣ መብራቱ በራሱ ይጠፋልናል። ግን ችግሩ የጋራ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ የግል ነበር፣ ለዛ ነው ያላዋደደን።

ግምገማም ተሞክሯል፣ አልሸሽገውም። ሥራ አስኪያጁ በፊት መንግስት ቤት የሰራ ሰው ስለሆነ አዳራሽ ሰብስቦ ሂስና ግለ ሂስ አስጀመረ። በኢህአዴግ ዘመን መስሪያ ቤት የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ "ድክመትህን ተናገር" የሚባለው። ከዛ የተማርነው ነገር ቢኖር ትንሽ ጥፋት መርጦ መናገርን ነው፣ "አንዳንዴ ከሻይ ሰዓት ትንሽ እዘገያለሁ፣ አስተካክላለሁ"። ማንም ሂተር ክፍት ትቼ ወጣሁ አላለም። ሰው በሚቀጣበት ነገር ላይ በአደባባይ እውነት ይናገራል ብሎ መጠበቅ ለኔ አይገባኝም፣ ተናግሮ ቢሆን ደግሞ ያን ቃለ ጉባኤ ማን እንደሚያስቀምጠውና መቼ እንደሚያወጣው ሁሉም ያውቃል።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። አንዲት የጥገና ቴክኒሻን አለች፣ ብዙ አታወራም፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ ጋሼና ልጁ በሦስተኛ ሰው በኩል እየተወጋጉ እያለ እጇን አወጣችና "ይሄ ስክራፕ የግድ የአንድ ሰው ተብሎ መመዝገብ አለበት እንዴ? መብራት ኃይል ነው ያመጣው፣ ለምን የመብራት ተብሎ ለብቻ አይመዘገብም?" አለች። ዝም ተባለ። ከዛ ሥራ አስኪያጁ "ቅጹ ላይ እንደዛ የሚል ቦታ የለም እኮ" አለ። "ታዲያ አንድ መስመር እናስምርበት" አለች። ቅጹ የኔ ነው፣ ኤክሴል ነው፣ አንድ ኮለም ለመጨመር የፈጀብኝ ጊዜ ቡና ከሚፈላበት ያንሳል። ስንት ወር ተኳርፎ የከረመ ግቢ!

ሜሪ ፓርከር ፎሌት የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፣ በፈረንጆቹ ከ1868 እስከ 1933 የኖረች፣ ስለ ፀብ በ1920ዎቹ የተናገረችው ዛሬም አላረጀም። ፀብ የሚያልቅባቸው ሦስት መንገዶች አሉ ትላለች፣ አንዱ ሌላውን ያሸንፋል፣ ወይ ሁለቱም ከሚፈልጉት ትንሽ ትንሽ ይቀንሳሉ፣ ወይ ደግሞ የሁለቱንም ፍላጎት የሚያስገባ ሌላ ነገር ይገኛል። ምሳሌዋ የራሷ ነው፣ ቤተመጻሕፍት ውስጥ ትንሽ ክፍል ነው፣ አንዱ ሰው መስኮት ይከፈት ይላል እሷ ይዘጋ ትላለች። ሰው የሌለበትን የጎን ክፍል መስኮት ከፈቱት። ሰውየው የፈለገው አየር ነው፣ እሷ ያልፈለገችው ነፋሱ ቀጥታ እንዲመታት ነው፣ ግማሽ መክፈት ቢሉ ኖሮ ሁለቱም ቅር ብሏቸው ይቀመጡ ነበር። ጋሼ የሚፈልገው ንጹህ ማሽን ነው። ልጁ የማይፈልገው ባላጠፋው መቀጣት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲታዩ እኮ አይጋጩም፣ የሚያጋጫቸው ኮለሙ ነበር።

ኮለሙ ብቻውን አልበቃም ግን። ልጁ ፐርጅ እስኪጨርስ ሰርቪሱ አይጠብቅም፣ ጋሼም የሚገባው ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ አብረው ማሽኑ ጋ የሚቆሙበት ጊዜ የለም። ሩብ ሰዓት ይደራረቡ ሲባል "ትርፍ ሰዓቱን ማን ይከፍላል" መጣ። ሕጉ ግልጽ ነው፣ መደበኛው በቀን ስምንት በሳምንት አርባ ስምንት ሰዓት ነው፣ ከዛ ያለፈው ቀን ላይ አንድ ተኩል፣ ከማታ አራት እስከ ጠዋት አስራ ሁለት ደግሞ 1.75 ይባዛል። ፋይናንስ ለሩብ ሰዓት ያንን አስልቶ ራሱን ያዘ። በመጨረሻ የሻይ ሰዓት ሳይነካ የሽፍት መግቢያና መውጫ ተሸጋሽጎ ሰርቪሱም እንዲጠብቅ ተደረገ፣ ሾፌሩ ነው በዚህ የከፋው፣ እሱን ማንም አላማከረውም ነበር። (አያችሁ፣ አዲስ ፀብ እንዴት እንደሚወለድ።) አሁን ሁለቱ ማሽኑ ጋ ቆመው ያያሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ጋሼና ልጁ ተዋደዱ ወይ ብትሉኝ አልተዋደዱም። ልጁ ዛሬም ጋሼ ጥንታዊ ነው ብሎ ያምናል፣ ጋሼ ዛሬም ልጁን ሲያየው አፍንጫውን ይነፋል። "እርሶ" ግን ተመልሷል፣ ስራውም ይሄዳል። መዋደድ ግዴታ ያደረገው ማነው?

እዚህ ጋ አንድ ነገር ካልለየሁ ጽሑፉ አደገኛ ይሆናል። ፀብ ሁሉ የአሰራር ችግር ነው እያልኩ አይደለም። ሌላ ቦታ ትሰራ የነበረች ጓደኛዬ ሱፐርቫይዘሯ እጁን የማያስቀምጥ ሰው ነበር፣ የማታ ሽፍት ላይ መድቦ "ላድርስሽ" የሚል፣ እምቢ ስትል ሽፍቷን የሚያባብስ። ስትናገር የተባለችው "አለመግባባት አለ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ" ነው። ሽማግሌ ተላከባት! ይቅር በይው የቤተሰብ ኃላፊ ነው ተባለች። ይሄ አለመግባባት አይደለም፣ ጥቃት ነው፣ እሱና እሷ እኩል የሚቀመጡበት ወንበር የለም። አዋጅ 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በስራ ቦታ የከለከለው ለዚህ ነው፣ አሠሪው ወይም የስራ መሪ የሆነ ሰው እንደዚህ ካደረገ ሰራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ስራዋን ትታ መሄድ እንደምትችል፣ ሕጋዊ መብት እንደሆነ ጽፎታል። እሷ ይሄን ሳታውቅ ነው ማስጠንቀቂያ አልሰጠሽም ተብላ የቀረ ደሞዟን ስትለምን የከረመችው። ጥቃትን ሽምግልና ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ከኔ ጋር አይስማማም፣ ስንት ዘመን ቢያስታርቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ነው። ሰውየውን ቀይሩትና አስቡት፣ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ፀቡ ይቀጥላል? ከቀጠለ ችግሩ ወንበሩ ላይ ነው። ጋሼ ወባ ይዞት የቀረ ጊዜ የተካው ሰው፣ በጣም ለስላሳ ሰው ነው፣ መብራት በጠፋ ማግስት ልጁን ሊደበድበው ደርሶ ነበር። ካልቀጠለ ደግሞ፣ ሰውየው የትም ቢሄድ ሰው የሚያስለቅስ ከሆነ፣ ቅጽ አትቀይሩ ሰውየውን ነው የምትቀይሩት። እኛ ሀገር ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፣ ወንበሩ የሚያጣላቸውን ሰዎች እናባርራለን፣ ተሳዳቢውን አለቃ "ጸባዩ ነው ልቡ ግን ንጹህ ነው" ብለን ዓመቱን ሙሉ እንሸከማለን።

ሰሞኑን ደግሞ ተራው የስቶር ኪፐሩ ሆኗል፣ ያ ያስታረቀው ሰውዬ። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከፍ ስላለ እንደበፊቱ በብዛት ገዝቶ ማስቀመጥ ቀርቷል፣ ከረጢት ሲያልቅ ነው ከረጢት የሚመጣው። ጀሪካን መስመር ስጠኝ ይላል፣ ባልዲ መስመር ስጠኝ ይላል፣ ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው "ዘመዱ ስለሆነ ነው" ይላል፣ ለሁለቱም ከፋፍሎ ሲሰጥ ሁለቱም ታርጌት አይሞሉም፣ ሁለቱም "ቋጣሪ" ይሉታል። ትናንት እትዬ "ምን ሆነሃል አንተ ሰው፣ ድሮ እንዲህ አልነበርክም" ስትለው ሰማሁ። እቃ ሲያንስ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ መሆን የለበትም፣ ሽያጭ የትኛውን ትዕዛዝ እንደሚያስቀድም ጽፎ ይስጠው፣ እሱ ወረቀቱን አይቶ ይስጥ፣ በቃ ይሄው ነው። በሁለት መስመር ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ አስገባሁ፣ "እናያለን" አለኝ። እስካሁን እያየ ነው።